«የብርሃን ጥበቃ» ወይስ «የብርሃን ምከታ»፦ በአንድ የዕፀዋት ሳይንስ የስያሜ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

በሳይንስ ቃላት ስያሜ ረገድ ብዙ ያከራከረው ጥያቄ አዲሱ ቃል ከግእዝ ይፈጠር ወይስ ከውጭ ቋንቋ ይወሰድ የሚለው ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ የማያንስ ሌላ ጥያቄ ሲጋርድ ኖሯል። ይኸውም ስያሜው ከየትም ይምጣ ከየት፣ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ከአማርኛ ሰዋስው ጋር ሲጋጠም አንባቢው ምን ይረዳበታል የሚለው ነው። ለብቻው በመዝገብ ላይ ሲታይ ትክክል የሚመስል ቃል በአገባብ ውስጥ የታሰበውን ተቃራኒ ሊናገር ይችላል።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን በቅርቡ ለአስተያየት የደረሰን አንድ የስያሜ ረቂቅ ነው። ረቂቁ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለግብርና ጽሑፎች ተርጓሚዎች የተሰናዳ ሲሆን፣ ዕፀዋትና ዋቅላሚዎች በብርሃን አስተፃምሮ ጊዜ ከመጠን ካለፈ ብርሃን ራሳቸውን የሚያድኑበትን መንገድ ይመለከታል። የአዘጋጆቹ ድካም የሚናቅ አይደለም። ጉዳዩ በአማርኛ ብዙም ያልተጻፈበት ስለሆነ መነሣታቸው ብቻውን ያስመሰግናቸዋል፤ ቃላቱንም ከነፍቻቸው ማቅረባቸው ለሐያሲ ሥራውን አቅልሎለታል። እኛም የምናተኩረው የትምህርቱን መሠረት በሚነኩት ጥቂት ስያሜዎች ላይ ብቻ ነው።

፩. የተሰያሚው ጠባይ

ስለ ስያሜ ከመነጋገር በፊት የተሰያሚውን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። ቅጠል ብርሃንን በዋናነት የሚቀበለው በክሎሮፊል፣ ማለት በሐመልሚሉ ነው። ብርሃን የተቀበለ የክሎሮፊል ሞለኪውል ከወትሮው ከፍ ያለ ጉልበት ይሸከማል። ይህ ጉልበት የሚወጣባቸው መንገዶች የተወሰኑ ናቸው። አንደኛው ለአስተፃምሮው ሥራ መዋል ነው፤ ሁለተኛው ሙቀት ሆኖ መውጣት ነው፤ ሦስተኛው ደካማ ቀይ ብርሃን ሆኖ መመለስ ሲሆን፣ ይህም ፍሎረሰንስ የሚባለው ነው። ከእነዚህ በአንዱም በጊዜው ካልወጣ ሞለኪውሉ ወደ ሌላ፣ ረዘም ወዳለ የመነሣሣት ሁኔታ ይሸጋገርና ጉልበቱን ለኦክስጅን ያስተላልፋል። እንዲህ የተነሣሣ ኦክስጅን በአካባቢው የሚገኙትን ፕሮቲኖችና ቅባቶች ያበላሻል።

በቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ ቅጠል ከተቀበለው ብርሃን ለአስተፃምሮ የሚያውለው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው፣ አንዳንድ ጊዜም ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ በሙቀት መልክ ይወጣል። ይህ አወጣጥ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። አስተፃምሮው የሚካሄድበት የውስጠኛው ከረጢት በፕሮቶን ሲሞላና አሲድነቱ ሲጨምር፣ ያ ምልክት ሆኖ የማስወጫውን መንገድ ይከፍታል። በዚያው ምልክት ቪዮላዛንቲን የተባለው ቀለም ወደ ዚያዛንቲን ይለወጣል፤ ብርሃኑ ሲቀንስም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የዚህ ዑደት መሠረታዊ አካሄድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 በያማሞቶና በባልደረቦቹ ሲሆን፣ ዚያዛንቲን ጉልበትን በሙቀት ከማስወጣት ጋር ያለውን ዝምድና ባርባራ ደሚግና ባልደረቦችዋ በ1987 አሳይተዋል። በ2000 ደግሞ በከፍተኛ ዕፀዋት ዘንድ ለዚሁ ሥራ አስፈላጊ የሆነው ፒኤስቢኤስ የተባለው ፕሮቲን ተለየ።

እንግዲህ ስያሜዎቻችን ይህን ሁሉ ማስተናገድ ይጠበቅባቸዋል፦ ብርሃኑ ምግብ መሥሪያ ነው፤ በዚያውም ላይ ጎጂ ነው፤ ቅጠሉም በሩን ሳይዘጋበት የሚተርፈውን ያስወጣል።

፪. «የብርሃን ጥበቃ»

ረቂቁ ለጠቅላላው ጉዳይ የሰጠው ስያሜ «የብርሃን ጥበቃ» የሚል ነው። ለብቻው ሲታይ እንከን ያለው አይመስልም፤ የባዕዱን ቃል ሁለት ክፍሎች በየተራቸው ተክቷል። ነገር ግን በአማርኛ «የእገሌ ጥበቃ» ሲባል እገሌ ተጠባቂው ነው። «የጤና ጥበቃ» ጤናን፣ «የአካባቢ ጥበቃ» አካባቢን፣ «የዱር እንስሳት ጥበቃ» የዱር እንስሳትን መጠበቅ ነው። በዚህ ሥርዓት «የብርሃን ጥበቃ» ያነበበ ተማሪ የሚረዳው ብርሃን እንደሚጠበቅ፣ ምናልባትም እንዳይባክን እንደሚቆጠብ ነው። ይህም ከቁም ነገሩ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን አይተው «ከብርሃን መከላከል» ወደሚለው ያዘነብላሉ። በሰዋስው ረገድ ይሻላል፤ «መከላከል» ጎጂውን ነገር ተሳቢ አድርጎ ይይዛልና። ወባን መከላከል፣ ጎርፍን መከላከል እንላለን። ሆኖም ቃሉ በዛሬው አገባቡ አስቀድሞ አለማድረስን፣ እንዳይመጣ ማድረግን ወደ ማመልከት አድልቷል። ቅጠል ብርሃንን እንዳይመጣ ማድረግ አይፈልግም፤ ቢያደርግ ይራባል።

በበኩላችን «ምከታ» የሚለውን እናቀርባለን። መከተ የሚለው ግሥ መጪውን ነገር በተሳቢነት ይይዛል፤ ጋሻ ጦርን ይመክታል ይባላል። ስለዚህ «የብርሃን ምከታ» ሲባል የሚመከተው ብርሃኑ መሆኑን ሰዋስው ራሱ ይናገራል። በፍችም ረገድ መመከት የመጣውን ተቀብሎ አደጋውን ማብረድ እንጂ እንዳይመጣ ማድረግ አይደለም። ከዚህም ሌላ ቃሉ በሕዝብ ንግግር ውስጥ ተጣማሪ አለው። ሰብልም ሆነ ሰው «ፀሐይ መታው»፣ «ውርጭ መታው» ይባላል። የሚመታ ካለ የሚመክት አለ፤ ስለዚህ ስያሜው አንባቢው ከሚያውቀው አነጋገር ላይ ይተከላል። የጦር ሜዳ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መከታ የሚለው ዘመዱ ግን ከጦር ሜዳ ወጥቶ ለዘመድ፣ ለጥላና ለግድግዳ ሳይቀር ማገልገል ከጀመረ ቆይቷል።

፫. «ትርፍ ብርሃን»ና የዛሪማ ቁልቁለት

ሁለተኛው ስያሜ «ትርፍ ብርሃን» ነው። ትርፍ በአማርኛ በነጋዴው አፍ ጥቅም ነው፤ «ትርፍ ጊዜ» ሲባል እንደ ልብ የሚያዙበት ጊዜ ነው፤ «ትርፍ አንጀት» እንኳ የማያስፈልግ ተብሎ የተሰየመ እንጂ ጎጂ ተብሎ አይደለም። ስለዚህ «ትርፍ ብርሃን» ተጨማሪ በረከት እንጂ አደጋ አይመስልም።

ከዚህ የከፋው ግን ረቂቁ ለቃሉ የሰጠው ፍች ነው። «በቆላማና ሞቃት አካባቢ ከፀሐይ ሙቀት ብዛት የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን» ይላል። በዚህ ፍች ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል፦ ሙቀት፣ የብርሃን ብርታትና የቅጠሉ አቅም። መቀላቀላቸው ከቋንቋችን ልማድ የመጣ መሆኑን እንረዳለን፤ በዕለት ተዕለት ንግግር «ፀሐይ» ስንል ብርሃኑንም ሙቀቱንም በአንድነት እንጠራለን። የሳይንስ ስያሜ ግን የሚለየው ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ አውራጃ መንገድ ማስረዳት ይቻላል። ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ከላይ የተወው የገብስ አገር ነው፤ ከታች የሚያገኘው የማሽላ አገር ነው። በረቂቁ ፍች መሠረት ከልክ ያለፈ ብርሃን የዛሪማ ችግር እንጂ የሰሜን ተራሮች ችግር ሊሆን አይችልም። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ማሽላ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጠራቅሞ የሚጠቀም የአስተፃምሮ ስልት ካላቸው ዕፀዋት ወገን ስለሆነ፣ ውሃ እስካገኘ ድረስ ብርቱ ብርሃንንና ሙቀትን ከገብስ በተሻለ ሥራ ላይ ያውላል። በተራራው ላይ ግን ብርዱ የአስተፃምሮውን ኬሚካዊ ሥራ ያዘገያል፤ ብርሃን መቀበሉ ግን በብርድ አይዘገይም። ስለዚህ ሌሊት ውርጭ የመታው ቅጠል በማለዳው ፀሐይ ፊት የሚቀበለው ከሚሠራበት ይበልጥበታል። ቆላውም ቢሆን ከችግሩ ነጻ አይደለም፤ ውሃ ያጠረው ማሽላ የቅጠሉን ቀዳዳ ሲዘጋ አቅሙ ይወርድና ያው ብርሃን ይበዛበታል።

እንግዲህ መለኪያው የብርሃኑ ብርታት ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ያለው የቅጠሉ አቅም ነው። በዚህም ምክንያት «ከአቅም ያለፈ ብርሃን» የሚለው ስያሜ ይበጃል እንላለን። ረዘም ማለቱን እናውቃለን፤ ነገር ግን በአጭር ቃል ከማሳሳት በረጅም ቃል ማስረዳት ይመረጣል። «ኃይለኛ ብርሃን» የሚለው ደግሞ ለብርሃኑ ብርታት ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ።

የዚህ ስሕተት ጉዳት በምሳሌ ይገለጥ። ጅብራ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅል የታወቀ የኢትዮጵያ ተክል ነው። በዚህ ተክል አስተፃምሮና በብርሃን ብዛት ስለሚደርስበት መዳከም ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ሳይንስ መጽሔት ጥናት አሳትመዋል። የሌሊቱ ቅዝቃዜና የቀኑ ብርሃን በሚፈራረቁበት ከፍታ የሚኖር ተክል ስለሆነ ለጉዳዩ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። የረቂቁን ፍች የተቀበለ መምህር ግን ይህን ምሳሌ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ፍቹ ብርሃንን ከሙቀት ጋር አስሮ ተራራውን ከጉዳዩ አስወጥቶታልና። ለደባርቅ ተማሪ በዓይኑ የሚያየው ተክል ከትምህርቱ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

፬. «ማጥፋት»

በመስኩ ሊቃውንት ዘንድ ጉልበትን በሙቀት የማስወጣቱ ተግባር የሚታወቅበት የባዕድ ስያሜ ከመለኪያ መሣሪያ የተገኘ ነው። ጉልበቱ በሙቀት ሲወጣ የፍሎረሰንሱ ብርሃን ይቀንሳል፤ ይህንም መቀነስ ለክተው፣ ለአስተፃምሮ ከመዋሉ የተነሣ ያልሆነውን ድርሻ በአሉታዊ ስም ጠሩት። ረቂቁ ይህን ቃል በቃል ተርጉሞ «ኢ-ፎቶኬሚካዊ ማጥፋት» ብሏል።

ከዚህ ላይ ሁለት ስሕተት እናያለን። የመጀመሪያው «ማጥፋት» የሚለው ነው። ምን እንደጠፋ ስያሜው አይናገርም፤ አንባቢው ግን ጉልበቱ ወይም ብርሃኑ እንደጠፋ ይረዳል። ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ለውጦ ይወጣል። ሁለተኛው መለኪያውንና ተግባሩን በአንድ ስም መጥራት ነው። በባዕዱ ቋንቋ ይህ መደራረብ ከታሪክ የተወረሰ ነው፤ እኛ አዲስ ስናወጣ ግን የምንወርስበት ምክንያት የለም። መለኪያው «የፍሎረሰንስ ቅነሳ» ሊባል ይችላል። ለተግባሩ ግን ሌላ ቃል ያስፈልጋል።

ሦስት ቃላትን መዝነናል። «ማብረድ» ለቁጣም ለጠብም የሚያገለግል ጥሩ ቃል ነው፤ የተነሣሣውን ሞለኪውል ወደ ዕረፍቱ መመለስንም ያመለክታል። ይሁን እንጂ ውጤቱ ሙቀት በሆነ ተግባር ላይ የቅዝቃዜ ቃል መጠቀም አንባቢን ያደናግራል። «ማስተንፈስ» የታፈነውን በልክ ማስወጣትን በሚገባ ይገልጣል፤ ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በሚቀጥለው ምዕራፍ የዕፀዋት አተነፋፈስ ስለሚመጣ ሁለቱ መጋጨታቸው አይቀርም። የቀረው «ማራገፍ» ነው። ከአህያ ጭነት ሲራገፍ ጭነቱ አይጠፋም፤ ከተሸካሚው ይወርዳል እንጂ። ክሎሮፊል ጉልበትን ይሸከማል ካልን ያራግፈዋልም ማለት ይስማማል። «ከአቅም ያለፈ» ከሚለውም ጋር በአንድ የሸክም ሐሳብ ይተሳሰራል። ዛፍም ቅጠሉን አራገፈ ስለሚባል መምታታት እንዳይመጣ ተሳቢው ሳይነጠል «ጉልበት ማራገፍ» ተብሎ ይጻፍ፤ መንገዱን መግለጥ ሲያስፈልግም «በሙቀት ጉልበት ማራገፍ» ይባል።

ይህ የቃላት ምርጫ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ክሮምዳይክና ባልደረቦቹ በትምባሆ ተክል ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ብርሃኑ ሲቀንስ ጉልበት ማራገፉ ቶሎ እንዲቆም ተክሉን በማሻሻል ክብደቱ በ15 በመቶ ገደማ ሊጨምር እንደቻለ አሳይተዋል። ደመና ሲያልፍ ወይም የላይኛው ቅጠል ጥላ ሲጥል፣ የታችኛው ቅጠል አደጋው ካለፈ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ማራገፉን ይቀጥላል፤ በዚያ ጊዜ የሚባክነው ጉልበት ከምርት ላይ የሚጎድል ነው። ከባዕዱ ቋንቋ ይህን የመቆም ሂደት የሚያመለክተውን ቃል ረቂቁ «የጥበቃ መዝናናት» ብሎታል። መዝናናት የዕረፍት ቀን ተግባር እንጂ የቅጠል ተግባር አይደለም። የግብርና ጽሑፍ ተርጓሚ ይህን ስያሜ ይዞ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው የተክሉ ጥበቃ እንደላላ፣ ማለት ተክሉ እንደተጋለጠ ነው። የጥናቱ ፍሬ ነገር ግን ምከታው ሳይነካ አመላለሱ እንዲፈጥን መደረጉ ነው። «ከምከታ መመለስ» ብንል ይህ ሁሉ ይቃለላል።

፭. «የብርሃን እገታ»

የብርሃን ብዛት አስተፃምሮን ሲያዳክም ረቂቁ «የብርሃን እገታ» ይለዋል። እንደ «ጥበቃ» ሁሉ ይህም ታጋቹን ብርሃን ያደርገዋል። ከዚያ የሚከብደው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ መክተቱ ነው። አንደኛው ቅጠሉ ራሱን ለማዳን ሥራውን ዝቅ ማድረጉ ሲሆን፣ ብርሃኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ሁለተኛው ዲ1 የተባለው የአስተፃምሮ ፕሮቲን በእርግጥ መበላሸቱ ነው፤ ይህ የሚድነው የተበላሸው ወጥቶ ሌላ ሲተካ ብቻ ነው።

አማርኛ እንዲህ ላለው ልዩነት እንግዳ አይደለም። ገበሬ ጠወለገ ያለውን ሰብል አረረ አይለውም፤ የጠወለገው በማታ ቀና ሊል ይችላል፣ ያረረው ግን አይመለስም። መጠውለግ ከውሃ ማነስ የሚመጣ ስለሆነ ቃሉን እንዳለ ወስደን ለብርሃን ልናውለው አንችልም፤ የምንወስደው የልዩነቱን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ለሚመለሰው «የአስተፃምሮ መርገብ»፣ ለማይመለሰው «የብርሃን ጉዳት»፣ ለጉዳቱ መተካት ደግሞ «ጥገና» እንዲባል እናሳስባለን። ጥገና ከምከታ ክልል ውጭ ሆኖ መመደብ ይኖርበታል፤ የሚጀምረው ምከታው ከተጣሰ በኋላ ነውና።

፮. ስለ ውሰትና ስለ «ዋቅላሚ»

ረቂቁ ዛንቶፊልን «ብጫ ቅጠል» ብሎ ተርጉሞታል። የግሪኩ ሥር ይህን ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ቀለሞች የሚገኙት በጤነኛው አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ብጫ ቅጠል ደግሞ ለማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ የበሽታ ወይም የአፈር ድህነት ምልክት ነው። ከዚህ ላይ ውሰት ይሻላል። ዛንቶፊል፣ ቪዮላዛንቲን፣ ዚያዛንቲን እየተባሉ በፊደላችን ይጻፉ። ስያሜን ከሥረ ቃሉ መተርጎም የሚጠቅመው ሥረ ቃሉ ዛሬም እውነት የሚናገር ሲሆን ነው።

«ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለውን የተለመደ ስያሜ በተመለከተ፣ የሚፃመረው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ብርሃን አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ቃሉ በትምህርት ቤት ሥር ሰዷል፤ የሚያሳስት ጎኑም በአንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይቃናል። የቆመን ስያሜ ለማፍረስ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ያስፈልጋል።

«ዋቅላሚ» ግን ማብራሪያ ይሻል። ረቂቁ አረንጓዴ ዋቅላሚዎችንና ቀድሞ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ ይባሉ የነበሩትን ባክቴሪያዎች በአንድነት ጠቅሎ፣ ሁሉም እንደ ዕፀዋት በዛንቶፊል ዑደት ይመክታሉ ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘውን፣ ስሙም ከመልኩ የወጣለትን አረንጓዴ ሐይቅ ብንወስድ፣ ያን መልክ የሰጠው አርትሮስፒራ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ታሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ይህ ሐይቅ እጅግ ከፍተኛ የአስተፃምሮ ምርት ከሚታይባቸው ውሃዎች አንዱ መሆኑን ገልጠዋል። ውሃው ከመጠጠሩ የተነሣ ለአስተፃምሮ የሚበቃው ብርሃን ከአንድ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ያልቃል። እንደ አርትሮስፒራ ያሉት ባክቴሪያዎች ጉልበት የሚያራግፉት ብርሃን ሲያገኘው ከብርቱካንማ ወደ ቀይ በሚለወጥ ልዩ ፕሮቲን ነው፤ የፕሮቲኑም ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2003 የታወቀው ከዚሁ ከአርትሮስፒራ ወገን በተገኘ ናሙና ነው። አረንጓዴ ዋቅላሚዎችስ ቢሆኑ ክላሚዶሞናስ በተባለው ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደታየው፣ በዋናነት የሚጠቀሙበት ፕሮቲን ከዕፀዋቱ የተለየ ነው። ስለዚህ «ዋቅላሚ» ለእውነተኞቹ ዋቅላሚዎች ተወስኖ፣ ለሌሎቹ «ሳይኖባክቴሪያ» የሚለው ውሰት እንዲገባ እንጠይቃለን። «ምከታ» ሁሉንም ያቅፋል፤ የመመከቻው መሣሪያ ግን በየወገኑ ይለያያል።

፯. ማጠቃለያ

የረቂቁ ጉድለት ከግእዝ መውሰዱ ወይም ከባዕድ መተርጎሙ አይደለም። ጉድለቱ ስያሜዎቹን አንድ በአንድ ከባዕዱ ቃል ጋር ሲያመሳክር በአማርኛ አገባብና እርስ በርሳቸው አለማመሳከሩ ነው። በእኛ አስተያየት ስያሜዎቹ እንደሚከተለው ቢተሳሰሩ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። ቅጠል ከአቅም ያለፈ ብርሃን ሲመጣበት ይመክታል። ከሚመክትባቸው መንገዶች አንዱ መሸሽ ነው፤ ቅጠሉ ፊቱን ያዞራል፣ በውስጡም ክሎሮፕላስቶቹ ወደ ሕዋሱ ግድግዳ ጥግ ይሰበሰባሉ። ሌላው ጉልበት ማራገፍ ነው። ምከታው እየሠራ ሳለ አስተፃምሮው ይረግባል፤ ብርሃኑ ሲቀንስ ቅጠሉ ከምከታ ይመለሳል። ምከታው ያልቻለው ጉዳት ይሆናል፣ ጉዳቱም ይጠገናል። ይህን አንቀጽ የመስኩን ባዕድ ስያሜዎች ሰምቶ የማያውቅ የዛሪማ ተማሪ ሊከተለው ይችላል ብለን እናምናለን።

አዘጋጆቹ ረቂቁን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካቸው በፊት ሁለት ነገሮችን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ስያሜ ቢያንስ በሦስት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አግብተው፣ በመስኩ ላልሠለጠኑ አንባብያን ሰጥተው ምን እንደተረዱ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ በፍቾቹ ውስጥ ሙቀት የሚለውን ቃል ካለበት ሁሉ አውጥተው፣ የብርሃን መንሥኤ ሆኖ ከገባበት ይሰርዙት፤ የጉልበት መውጫ ሆኖ ከገባበት ይተዉት። ከሁሉ በፊት ሊታረም የሚገባው ይህ ነው፤ የተቀሩት ስያሜዎች በሚቀጥለው እትም ሊሻሻሉ ይችላሉ፣ ይህ ስሕተት ግን አንድ ጊዜ በመማሪያ መጽሐፍ ከታተመ ከተማሪው አእምሮ ለማውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል።